ከመቶ በላይ ተቆጥረው የጎደሉ ልጆች

በካማሺ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለትምህርት ባለሙያዎች የተሰናዳ ዲስኩር



ዛሬ የማነሣው ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ የወንዶች ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ተሳትፎ ስለሚባለው። ይህ ቁጥር ረጅም መንገድ ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩ በዓመታዊው የመረጃ ቅጽ ላይ ይሞላዋል፤ ወረዳው ይደምረዋል፤ ዞኑ ያጠቃልለዋል፤ አሶሳ ያለው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ትምህርት ቢሮ ለትምህርት ሚኒስቴር ይልከዋል፤ ሚኒስቴሩ በዓመታዊ የትምህርት ስታትስቲክስ መጽሐፉ ያትመዋል። ካናዳ፣ ሞንትሪያል ያለው የዩኔስኮ የስታትስቲክስ ተቋም ተቀብሎ ከሌሎች አገሮች ቁጥር ጎን ያሰልፈዋል። የዓለም ባንክ ደግሞ ከዚያ ወስዶ የኢትዮጵያን ወንዶች ልጆች የብዙ ዓመት ታሪክ በአንዲት መስመር ያሳያል። ያችን መስመር ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያያት ሰው አለ። መነሻዋ ግን እዚህ ነው፤ የመምህሩ ስም መጥሪያ ላይ።

ስለ ወንዶቹ ለይቼ ለምን እንደምናገር አንዳንዶቻችሁ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። በአገራችን ተጎድታ የኖረችው ሴት ልጅ ናት፤ እውነት ነው። በ1993 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የወንዶቹ ጥቅል ተሳትፎ፣ አሠራሩን ወደ በኋላ የማስረዳው፣ ከመቶ 67 ሲሆን የሴቶቹ 47 ነበር። በ1997 ወንዶቹ 88፣ ሴቶቹ ወደ 72 ደረሱ። ሃያ ነጥብ የነበረው ልዩነት ወደ አሥራ ስድስት ወረደ። ለሴት ልጆች የተደረገው ንቅናቄ ሁሉ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የወንዶቹ ቁጥር መለኪያ ሆኖ እንጂ ራሱ ሲለካ አልኖረም። የሴቶቹ ተሳትፎ ለወንዶቹ ተካፍሎ የጾታ ምጥጥን የሚባለው ይገኛል፤ አንድ ሲሞላ እኩልነት ደረሰ ይባላል። የወንዶቹ ቁጥር ከሥር አካፋይ ሆኖ ተቀመጠ፤ ዝቅ ይበል ከፍ ይበል የጠየቀው ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ስሌት ላሳያችሁ። በአንድ ወረዳ የሴቶቹ ተሳትፎ 70፣ የወንዶቹ 100 ነው እንበል። ምጥጥኑ 0.70 ነው። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ሴት ልጅ እንኳ ሳትጨመር ወንዶቹ ትምህርት እያቋረጡ ወደ 80 ቢወርዱ፣ ምጥጥኑ ወደ 0.88 ይወጣል። ሪፖርቱ «በጾታ እኩልነት መሻሻል ታይቷል» ብሎ ይጻፋል። የተሻሻለ ነገር የለም፤ ወንዶቹ ጠፍተዋል። እንዲህ ያለው ሪፖርት የሚያሳስተው ወንዶቹን ብቻ አይደለም፤ ምንም ያልተደረገላትን ሴት ልጅ ተሻሽሎላታል ያሰኛልና እርሷንም ይበድላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ አሠራር ልግባ። መምህራን ታውቁታላችሁ፤ ለወላጆች ስል ግን ዘርዘር አድርጌ እናገራለሁ። ጥቅል ተሳትፎ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ዕድሜያቸው ስንትም ይሁን በአንደኛ ደረጃ የተመዘገቡት ወንዶች ሁሉ ይቆጠራሉ፤ ያ ብዛት ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ በደረሰ ወንዶች ብዛት ይካፈላል፤ ውጤቱ በመቶ ይባዛል። ንጥር ተሳትፎ ደግሞ ከተመዘገቡት ውስጥ ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ የሚገባውን ብቻ ይወስዳል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል፣ ዕድሜውም ከ7 እስከ 14 ነበር።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቀበሌ እንውሰድ። ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ 100 ወንዶች ልጆች አሉበት። ትምህርት ቤቱ 120 ወንዶች መዝግቧል። ጥቅል ተሳትፎው ከመቶ 120 ነው። ሰሚው «ሁሉም ገብቷል፤ እንዲያውም ተርፏል» ይላል። ግን ከ120ዎቹ 45ቱ አሥራ አምስትና አሥራ ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ ዘግይተው የገቡ ወይም የደገሙ ናቸው። ዕድሜያቸው የሚገባው 75 ብቻ ናቸው። ስለዚህ 25 ልጆች ትምህርት ቤቱን አያውቁትም። ከመቶ 120 በሚለው ቁጥር ውስጥ እነዚህ 25 ልጆች አይታዩም፤ ትልልቆቹ ሸፍነዋቸዋል።

በክልላችን የወንዶች ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ በላይ ሆኖ የተመዘገበባቸው ዓመታት አሉ። በጋምቤላም እንዲሁ። ትምህርት ዘግይቶ በደረሰበት አካባቢ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ በሩ ሲከፈት ለዓመታት ውጭ የቆዩት ታላላቆች ከታናናሾቻቸው ጋር አብረው ይገባሉ። አሥራ አራት ዓመት ሆኖት አንደኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ ያሳየው ጽናት የሚያስከብረው ነው። ቁጥሩን በዚህ ዓይን ካየነው መልካም ዜና ይነግረናል። ጉዳቱ የመጣው ከመቶ በላይ የሚለውን «ተጠናቀቀ» ብለን ስናነበው ነው። ያኔ ዓይናችን ከወንዶቹ ላይ ተነሣ።

ስለ ዕድሜ ካነሣሁ አይቀር፣ ልጁ ሰባት ዓመት መሙላቱን በምን ነበር የምናውቀው? እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ተለክታችሁበታል፤ ቀኝ እጅ በአናት ላይ አልፎ ግራ ጆሮን ሲነካ ልጁ ደረሰ ይባላል። ካልነካ ወደ ቤቱ ይመለስና በዓመቱ ይመጣል። ለመግቢያ ያህል ብልህ ዘዴ ነበር፤ ወረቀት በሌለበት የሚሠራ መለኪያ ነውና። ነገር ግን ክንደ ረጅሙ በስድስት ዓመቱ ይገባል፣ በምግብ እጥረት የቀነጨረው በዘጠኝ ዓመቱም ይመለሳል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በቅጹ ላይ የተጻፈው የገጠር ልጅ ዕድሜ በአብዛኛው የመምህሩና የወላጁ ግምት ነበር። ንጥር ተሳትፎ የሚባለው ቁጥር በሙሉ በዚህ ግምት ላይ የቆመ ነው። ከነጥብ በኋላ እስከ አንድ አሃዝ ድረስ ተሰልቶ ሲታተም እርግጠኛ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ጆሮ የሚነካ እጅ ነው።

በስሌቱ ከላይ ያለው የተመዘገቡት ቁጥር ይህን ያህል ችግር ካለበት የታችኛው፣ የልጆቹ ብዛት፣ ይብሳል። ወደ አካፋዩ ልሂድ።

በአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሞ ሳይካሄድ ቀርቷል። በ1999ኙ ቆጠራ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ 784,345 ነበር። የካማሺ ዞን ከመቶ ሺ ትንሽ ከፍ የሚል ሕዝብ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ያለው የልጆች ብዛት ትንበያ ነው። የቆጠራው ሕዝብ ተወስዶ፣ ስንት ይወለዳል፣ ስንት ይሞታል፣ ስንት ይፈልሳል ተብሎ ተገምቶ በየዓመቱ ወደ ፊት ይገፋል። ለአገሪቱ በጠቅላላ ሲሠራ ግምቱ ብዙ አይስት ይሆናል። ለክልል ሲሆን ስሕተቱ ያድጋል። ወደ ዞንና ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን ሰዉ ባለበት ይቆያል ብሎ ከማመን ውጪ መንገድ የለውም። አሁን አንደኛ ክፍል የሚመዘገበው ልጅ በዚያ ቆጠራ ጊዜ አልተወለደም፤ ብዙዎቹ ወላጆቹም ያኔ ራሳቸው ልጆች ነበሩ።

ካማሺ ደግሞ ሰዉ ባለበት የቆየበት አገር አይደለም። ሁላችሁም የምታውቁትን ሐዘን መቀስቀስ አልፈልግም፤ ሳልናገረው ግን ቁጥሩን ማስረዳት አልችልም። በመስከረም 2011 የዞኑ አመራሮች ተገድለው፣ በካማሺና በወለጋ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከመቶ ሺ የሚበልጥ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በየወገኑ ሕይወት ጠፋ፤ በየወገኑ እናት አለቀሰች። በ2013 ሚያዝያ ደግሞ የሴዳል ወረዳ በታጠቁ ኃይሎች እጅ ወደቀ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት እስኪፈራረሙ ድረስ በዞኑ የብዙ ልጆች የትምህርት ዓመት ተሰባበረ። በመካከሉም የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ከመጋቢት 2012 ጀምሮ በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ለወራት ተዘጉ።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም የምዝገባ ጊዜ ነው። በመስከረም 2011 የተፈናቀለውን አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በቁጥሩ ውስጥ እንከተለው። በነሐሴ መጨረሻ ካማሺ ተመዝግቦ ከነበረ ስሙ በመዝገቡ አለ። ወለጋ፣ ነቀምቴ ደርሶ እዚያ ትምህርት ቤት ከገባ እንደገና ይመዘገባል፤ አንዱ ልጅ ሁለት ሆነ። የካማሺው መዝገብ ተቃጥሎ ወይም ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቅጹ ካልተላከ ልጁ ከዚህ ይጠፋል፤ በትንበያው ላይ ግን አሁንም የካማሺ ልጅ ነው። ስለዚህ የካማሺ ተሳትፎ ሲወድቅ የወለጋው ከእውነቱ በላይ ይወጣል። በመጠለያ ቆይቶ የትም ካልተመዘገበ ደግሞ ከላይኛው ቁጥር ሙሉ በሙሉ ወጣ። ሲመለስ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት ሦስተኛ ክፍል ይገባል፤ ጥቅል ተሳትፎውን ከፍ ያደርጋል። በመስመሩ ላይ መውደቅና መውጣት ሆኖ የሚታየው ይኸው የአንድ ልጅ ስደትና መመለስ ነው።

በአሶሳ ዞን ያለው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ሼርቆሌ፣ ባምባሲና ጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች አሉ። በመጠለያ ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ከላይ ተቆጥሮ፣ ከታች ባለው የሕዝብ ትንበያ ውስጥ ከሌለ ተሳትፎው ያብጣል። ልጁ መማሩ ደስ ይለናል፤ ሒሳቡ ላይ ግን ከላይ ያለውን ልጅ ከታችም ማስቀመጥ ግድ ነው።

አሁን ወደ ዘመናት ልሻገር፤ ርዕሴ ለውጥን በጊዜ ውስጥ መለካት ነውና። በግንቦት 1953 የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ድረስ በአህጉሩ ያለ ልጅ ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ወሰነ። ጉባኤውን ያስተናገደችው አገራችን ያኔ ከብዙዎቹ ወደ ኋላ የቀረች ነበረች። ተሳትፎው በደርግ ዘመን እየጨመረ ሄዶ በሥርዓቱ የመጨረሻ ዓመታት፣ ጦርነቱ ሲበረታ፣ ቁልቁል ወረደ። የ1986ቱ ፖሊሲ ሲወጣ ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ ሠላሳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው መውጣት ትልቅ ነው። የትምህርት ክፍያ ቀረ፣ በ1990 የመጀመሪያው የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ተጀመረ፣ ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተሠራ፣ ራቅ ላሉ መንደሮች የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ ተከፈተ። ማንም ይህን ሊያሳንሰው አይገባም። ሕዝቡ በጉልበቱና በገንዘቡ ክፍል ሠርቷል፤ መምህሩ በጭቃ ቤት አስተምሯል።

ነገር ግን ያችን የዓለም ባንክ መስመር እንደ አንድ ወጥ ነገር ማንበብ አይቻልም። በንጉሡ መጨረሻ ዓመታትና በደርግ ዘመን አንደኛ ደረጃ ማለት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ነበር። ከ1986 በኋላ እስከ 8ኛ ሆነ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ተመልሶ እስከ 6ኛ ሆነ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ መካከለኛ ደረጃ ሆኑ። የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ አንድ ጊዜ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው፣ ሌላ ጊዜ አይደለም። ልጁ ከወንበሩ ሳይነሣ ቁጥሩ ይለወጣል። የዩኔስኮው ተቋም በበኩሉ አገሮችን ለማነጻጸር ሲል ፖሊሲያችን ስምንት ክፍል ባለበት ዘመንም የእኛን አንደኛ ደረጃ ስድስት ክፍል አድርጎ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ የሚኒስቴሩና የእርሱ ቁጥር ባይገጥም አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ መቆረጥ አለ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ እንደ ክልል የቆመው ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ካማሺና አሶሳ በወለጋ፣ መተከል በጎጃም ሥር ነበሩ። አባይ ማዶና ወዲህ ያለው የጉሙዝ ልጅ በሁለት ጠቅላይ ግዛት መዝገብ ተከፍሎ ተጽፏል። የካማሺን ወንዶች ልጆች ከአያቶቻቸው ዘመን ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ተመራማሪ የድሮውን የወረዳ መዝገብ ፈልጎ ከየቦታው መልቀም አለበት። እንዲህ ያለ መዝገብ በየትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ካለ፣ እባካችሁ አትጣሉት።

ቁጥሩን በሌላ በኩል የምንፈትንበት መንገድ ደግሞ አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምመካበትም እርሱ ነው። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂዷል። መረጃ ሰብሳቢዎቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም፤ በናሙና የተመረጠ ቤት ያንኳኩና ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቀው ማን ትምህርት ቤት እየሄደ እንደሆነ ይጽፋሉ። በ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ለአንደኛ ደረጃ ከደረሱ ልጆች ውስጥ በዚያ ደረጃ እየተማሩ የተገኙት ከመቶ 70 ገደማ ናቸው፤ ወንዱም ሴቷም ተቀራራቢ። በዚያው ጊዜ አቅራቢያ ባሉት ዓመታት ከትምህርት ቤቶች ተሰብስቦ የታተመው ንጥር ተሳትፎ ወደ መቶ ተጠግቶ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ወደ ሰው ብትመልሱት በአገር ደረጃ በሚሊዮን የሚቆጠር ልጅ ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የዕድሜው ግምትና ያረጀው ትንበያ ድርሻ አላቸው። መመዝገብና መማር የተለያዩ መሆናቸውም አለበት። በነሐሴና በጳጉሜን የምዝገባ ንቅናቄ ይደረጋል፤ ካድሬውም መምህሩም ቤት ለቤት ይዞራል፤ ወላጅ ያስመዘግባል። በኅዳር አዝመራ ሲደርስ ልጁ ማሳ ላይ ነው። ቅጹ ግን የተመዘገበውን ይዞ ሄዷል። ሌላም አለ፤ ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ስኩል ግራንት በተማሪ ብዛት የሚታሰብ ነው። ጠመኔና መማሪያ መጽሐፍ ያጠረው ርዕሰ መምህር ያቋረጠውን ልጅ ስም ለመሰረዝ ቢዘገይ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ስሙን ቢሰርዝ ለቀሩት ልጆች የሚመጣው ብር ይቀንስበታል። ቁጥሩን የሚያዛባ አሠራር ዘርግተን ቁጥሩን የሚጽፈውን ሰው ብንወቅስ ፍትሕ አይሆንም። ገንዘቡ ሲታሰብ ትምህርት ቤቱ ትክክለኛ ቁጥር በማቅረቡ የማይጎዳበት መንገድ መበጀት አለበት፤ ያቋረጡ ልጆች ለበዙበት ትምህርት ቤት እነርሱን መልሶ ለማምጣት ድጋፉ ቢጨመር እንጂ ቢቀነስ አግባብ አይደለም።

ወንዶቹስ ወዴት ይሄዳሉ? በአገራችን ከሁሉም ክፍሎች ማቋረጥ የሚበዛው አንደኛ ክፍል ላይ ነው። እዚህ አካባቢ ትንሹ ልጅ ከብትና ፍየል ይጠብቃል፣ ከማሳ ወፍና ዝንጀሮ ይከላከላል። ከፍ ሲል በክልሉ ባሉ የባህላዊ ወርቅ ማጠቢያዎች ይገኛል። ወርቅ በዕለቱ ገንዘብ ይሆናል፤ ትምህርት ፍሬው በዓመታት ነው። አባቱ የታመመበት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። ክረምት ሲሆን ወንዝ ይሞላል፤ ወዲያ ማዶ ያለ ልጅ ወዲህ ማዶ ያለ ትምህርት ቤት መድረስ አይችልም።

ቋንቋም አለ። በቤቱ ጉሙዝኛ ብቻ የሰማ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲቀመጥ መምህሩ በአማርኛ ቢያስተምረው የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው ድምፅ በመስማት ነው። ሴቷም እንደዚሁ ትቸገራለች፤ ወንዱ ግን ከክፍል ሲወጣ ከብቱም ወርቁም ይጠብቁታልና ቶሎ ይሄዳል። የበርታ፣ የጉሙዝና የሺናሻ ቋንቋዎች ፊደል ተቀርጾላቸው ወደ ክፍል መግባታቸው ለእነዚህ ልጆች የተከፈተ ትልቅ በር ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚማር ክፍል ያለበትና የሌለበት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ማቋረጣቸው ጎን ለጎን ቢታይ ብዙ ያስተምረናል። መረጃው በየትምህርት ቤቱ አለ፤ የሚጠይቀው ያስፈልጋል።

አንድ ጉዳይ በጥንቃቄ ላንሣ፤ ከእኔ ይልቅ እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች ታውቁታላችሁ። በጉሙዝ ማኅበረሰብ ዘንድ የቆየው የልውውጥ ጋብቻ፣ ወንዱ እህቱን ወይም የቅርብ ዘመዱን ሰጥቶ የሌላውን እህት የሚያገባበት ሥርዓት፣ ሴት ልጅን ከትምህርት እንደሚያስቀር ብዙ ተብሎለታል። በልውውጡ ውስጥ ግን ወንድ ልጅም አለ። እህቱ ስለ እርሱ ለሌላው ስትሰጥ እርሱ የቤት አባወራ ይሆናል፤ ማሳ ይመነጥራል፣ ጎጆ ይቀልሳል። የስድስተኛ ክፍል ደብተሩ እዚያው ያበቃል። እህትየው ካቋረጠች በሴቶች ዝርዝር ትጻፋለች፣ ወንድሟ ካቋረጠ በወንዶች። በመዝገብ ላይ የተለያዩ ሁለት ማቋረጦች ናቸው፤ በቤት ውስጥ ግን አንድ ውሳኔ ነው። ወንዶቹን ለይቶ ማየት ሴቶቹን መዘንጋት አይደለም የምለው ለዚህ ነው። የወንዱ ማቋረጥ ቢጠና የእህቱም ምክንያት አብሮ ይገኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አዲሱ የሕዝብ ቆጠራ እስኪመጣ መጠበቅ አንችልም፤ ዛሬ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ አይጠብቀንም። እኛ በእጃችን ያለውን ልናገር።

በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ። የየቤቱን አባላት የሚመዘግቡበት የቤተሰብ ፎልደር አላቸው፤ ማን ተወለደ፣ ማን ስንት ዓመት ሆነው፣ ማን ሞተ፣ ማን ሄደ ይጻፍበታል። ክትባት የሰጡት ሕፃን መቼ እንደተወለደ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ትምህርት ቤቱ በየነሐሴ ከእነርሱ ጋር ተቀምጦ በቀበሌው ያሉ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን ዝርዝር ቢገለብጥ፣ አካፋዩ ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ከተደረገ ቆጠራ መምጣቱ ይቀራል፤ በስማቸው የሚታወቁ ልጆች ይሆናል። መቶኛው ለአዲስ አበባ የሚላከው በትንበያው ይሁን፤ ለመንደሩ ግን በዚህ ዝርዝር ይሠራ። በዝርዝሩ ላይ ስሙ ኖሮ በስም መጥሪያው ላይ የሌለው ልጅ ማን እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንደሆነ ያን ቀን ይታወቃል። ፎልደሩ ያልተሟላበት ቀበሌ አለ፤ በግጭቱ የጠፋበትም ይኖራል። እዚያ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሆኖ እንደ አዲስ መሙላት ለጤናውም ለትምህርቱም ይጠቅማል።

ከዚያ ሁለተኛ ቆጠራ ያስፈልጋል። በመስከረም የተመዘገበው ልጅ በሰኔ የት ነው? ቀጠለ፣ አቋረጠ፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ፣ ደገመ፣ ወይስ ከቤተሰቡ ጋር ሄደ? የመስከረሙና የሰኔው ዝርዝር በስም ቢገናኝ ከማንኛውም መቶኛ የበለጠ ይናገራል። ያቋረጠው ልጅ ምክንያቱ በአንድ ቃል ይጻፍ፤ ከብት፣ ወርቅ፣ ጋብቻ፣ ሕመም፣ ወንዝ፣ ስጋት። በሦስት ዓመት ውስጥ የካማሺ ዞን ወንዶች ልጆች ለምን እንደሚያቋርጡ የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው የራሱ የካማሺ መምህር ይሆናል። ወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት በየሩብ ዓመቱ ሲሰበሰብ ስለ ጣሪያና ስለ አጥር ብቻ አይነጋገር፤ ይህን ዝርዝር ከፊቱ ያስቀምጥ። አንድ አባት «የእገሌ ልጅ ከእኔ ጋር ወርቅ እያጠበ ነው» ብሎ ቢናገር፣ ይህን ከአሶሳም ሆነ ከሞንትሪያል የሚያውቅ የለም።

ይህ ሁሉ በመምህሩ ላይ የተጨመረ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ሪፖርት የበዛበት መምህር ነው። ስለዚህ ወረዳው ሌላ ቅጽ ቀንሶ ይህን ይተካ እንጂ በላዩ አይጫንበት።

ያለ ሁለት ክልሎች መተባበር የማይፈታ አንድ ነገር ይቀራል። ከካማሺ ወጥተው በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ የተመዘገቡ፣ ከወለጋም ወጥተው እዚህ የተመዘገቡ ልጆች አሉ። ማን የማን ክልል ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው። የአዋሳኝ ወረዳዎች የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በየዓመቱ ኅዳር ላይ ተገናኝተው የተዛዋሪ ተማሪዎችን ስም ዝርዝር ቢለዋወጡ፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈው አንድ ጊዜ ይሆናል፣ የትም ያልተጻፈውም ይገኛል። ልጁ ያመጣው የክፍል ካርድ ከሌለው በፈተና ተመዝኖ ለዕውቀቱ በሚመጥነው ክፍል ይግባ፤ በመፈናቀል ያጣውን ዓመት ሰነድ በማጣት እንዳይደግመው። የዚህ ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይህን የስም ልውውጥ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ የወረዳ ባለሙያዎችና ርዕሳነ መምህራን፣ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ቆዩና የመጀመሪያውን ዝርዝር አብረን እናዘጋጅ።